ሳይጨርስ የሞተው ሰው ቃል

«መምህር፣ ፕሮግራሜ የድምፅ ፋይሉን ቆራርሶ እያነበበ ሚሞሪ ላይ ባበጀሁለት አንድ ቋት፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስቀመጫ፣ ውስጥ እየደጋገመ ይሞላል፤ ከቋቱ ያጫውታል። መጨረሻው ላይ ብቻ ያለፈውን ድምፅ ትንሽ ይደግማል። ብተወውስ ምን አለበት?» ስትል ትርሲት ጠየቀች።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምን አለበት አልሽ? አይ አንቺ ልጅ! ቁጭ በይና ስሚ።

አንድ ሰው ነበረ። በወረርሽኝ ዘመን በሽታው ይዞት የዳነ ነው፤ ዳግመኛ አይዘውም። በዚህም ምክንያት ሰው ሲያጣጥር የአገር ሽማግሌዎች በሽታውን ፈርተው ከአጥር ውጭ ይቀመጣሉ፤ ኑዛዜ ለመስማት እሱ ብቻ ይገባል። ጭንቅላቱ የሚችለውን ያህል ሰምቶ ይወጣል፣ ይነግራቸዋል፣ ለቀረው ተመልሶ ይገባል። አገር ያመነው ሰው ነበር።

አንድ ቀን አንድ ገበሬ ሊሞት ሆነ። ሰውየው ገብቶ ወጣና፣ ‹በሬውን ለወንድሜ ስጡልኝ፣ በቅሎዋንም ለወንድሜ ስጡልኝ ብሏል› አለ። ተመልሶ ገባ። ገበሬው ‹ቤቱን . . .› አለና ትንፋሹ ተቋረጠ።

ሰውየው ወጣ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወትሮው ሙሉ ቃል ይጠብቃሉ። ‹ቤቱን› ብሎ ጀመረ፤ ቅድም የተናገረው ገና ከጭንቅላቱ አልወጣም ነበርና ተከትሎ መጣ፤ ‹ለወንድሜ ስጡልኝ› ብሎ ጨረሰው። እግዚኦ! ሊዋሽ እኮ አላሰበም።

‹ኧረ አልጨረሰም! በልጄ ሞት፣ አልጨረሰም!› ብላ ከደጅ ሆና ስታዳምጥ የነበረችው የገበሬው ሚስት ጮኸች። ማን ይስማት? ለራሷ ብላ ነው አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንድም ሰው፣ ‹ለመሆኑ ምን ያህሉን ነው የሰማኸው?› ብሎ አልጠየቀም። ቤቱ ለወንድምየው ተፈረደ።

ሚስቲቱ ከነጨቅላዋ ከቤቱ ወጣች። ከበሽተኛ ቤት የመጣችን ማን ያስጠጋል? በየደጁ ‹ወዲያ ሂጂ!› ተባለች። ክረምት ነበር። ሁለቱንም ከወንዙ ዳር አንስተው ቀበሯቸው።»

ትርሲት ፕሮግራሟን ከፈተች።

«ያ ሰው ያንቺ ቋት ነው፣ ልጄ» አሉ መምህሩ። «ፋይሉ ሲያልቅ የመጨረሻዋ ቁራጭ ቋቱን አትሞላውም። ከእሷ በኋላ ያለው የቀድሞው ንባብ ትራፊ ነው፤ ማንም አላጠፋውም። አንቺ ደግሞ እንደነዚያ ሽማግሌዎች፣ ምን ያህል እንደተነበበ ሳትጠይቂ ሙሉውን ትቀበያለሽ። ባነበብሽ ቁጥር ጠይቂ! የተነበበውን ያህል ብቻ አጫውቺ፤ የቀረውን ዝም አሰኚው። ሰው ‹ቤቱን› ብሎ ከሞተ፣ ‹ቤቱን ብሎ ሞተ› ነው የሚባለው።»