ለእትዬ ሉባባ ያልተነገረው ኩል
ተረት ነው ብትሉ እሺ፣ እውነት ነው ብትሉም እሺ፤ እኔ ባቲ ገበያ ላይ ነው የሰማሁት።

ዘምዘም የምትባል እናት አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገች፤ የሰባት ወር ልጇን የፎዚያን ዓይን ኩል እንዳይነካው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤቷ መጥታ፣ "ይሄ የምትወቅጡት የድንጋይ ኩል እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት አለበት። ልጅ ዓይኗን አሽታ ጣቷን ትጠባለች። እርሳስ ደግሞ የልጅን አእምሮ አንዴ ከጎዳ አይመለስም" ብላታለች። አማቷ እትዬ ሉባባ ግን ፎዚያን ለዒድ ሊኩሏት ብልቃጡን ሞልተው ተቀምጠዋል። ዒድ ነገ ነው። ምራት አማቷን እንዴት ደፍራ ትናገር!

ባሏን ይመርን፣ "ለእናትህ ንገርልኝ" አለችው።

"እናቴን? እኔ? በአላህ ተይኝ!" አለ ይመር።

ወደ ይመር አጎት ወደ አያ እንድሪስ ሄደች። "አያ፣ ይመርን ይቆጡልኝ። ይመር ለእናቱ አይነግርም፣ ኩሉ ልጄን አይምርም።"

"ልጅ የወለደ ሰው አልቆጣም" አሉና ጥርሳቸውን መፋቅ ቀጠሉ።

ወደ ሚስታቸው ወደ እትዬ ረውዳ ሄደች። "እትዬ፣ አያን ይቆጡልኝ። አያ ይመርን አይቆጡም፣ ይመር ለእናቱ አይነግርም፣ ኩሉ ልጄን አይምርም።"

"ኧረ ወዲያ! ባሌን የምቆጣው ታላቅ እህቱ ስታዘኝ ብቻ ነው" አሉ።

ታላቅ እህቱ ማን ናቸው? እትዬ ሉባባ።

ዘምዘም ልጇን አቅፋ አማቷ ፊት ቆመች። "እማ፣ እትዬ ረውዳን ይዘዙልኝ። እትዬ ረውዳ አያን አይቆጡም፣ አያ ይመርን አይቆጡም፣ ይመር ለእናቱ አይነግርም፣ ኩሉ ልጄን አይምርም።"

እትዬ ሉባባ አሰብ አደረጉ። "የይመር እናት ማን ናት?"

"እርስዎ ነዎት፣ እማ።"

"አልሐምዱሊላህ፣ አልሞትኩም።"

ዘምዘም እያለቀሰች ስለ እርሳሱ ነገረቻቸው። እትዬ ሉባባ የልጅቷን ጣት ከአፏ አወጡና በነጠላቸው ጠረጉት። "ልጄ፣ ይህን ያህል ከፈራሽኝማ መርዙ እኔ ነኝ" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ደንብ ግን ደንብ ነው። እትዬ ሉባባ እትዬ ረውዳን አዘዙ፣ እትዬ ረውዳ አያን ተቆጡ፣ አያ ይመርን ተቆጡ፣ ይመርም ጉሮሮውን ጠራርጎ እናቱ ዘንድ ገባ።

"እማ፣ ለልጅቷ ኩሉ ይቅርባት።"

"እሺ ልጄ፣ ደግ አሰብክ" አሉ። ብልቃጡን ግን ራሳቸው ጤና ኬላ ካስረከቡት ቆይቷል።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ተዉትና የልጅቷን እጅ በሳሙና እጠቡ።