አያ ጅቦ እና የአህያ ባለ መነጽር ቴሌቪዥን

አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አያ ጅቦ ቤቱን ጠርጎ፣ ምንጣፉን አንጥፎ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ እንግዶቹን ቢጠብቅ ቢጠብቅ ዝንብ እንኳ ሳይመጣ ቀረ።

መንደሩ ከወንዙ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለ የእንስሳት መንደር ነው። አንበሳ ባወጣው ሕግ ሠፈርተኛ ሠፈርተኛውን አይበላም። ስለዚህ ፍየሉም፣ በጉም፣ አህያውም ከጅብ ጋር አጥር ለአጥር ተዋስኖ ይኖራል። መብራት ከወፍጮ ቤቱ ይሳባል። ቴሌቪዥን የነበረው ግን አያ ጅቦ ብቻ ነበር። ከኋላው ሆዱ የተነፋ፣ ምስሉ ሲጠፋ ጎኑን በጥፊ ካላሉት የማይመለስ አሮጌ ዕቃ ነው፤ ቢሆንም ቴሌቪዥን ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሠፈርተኛው እሱ ቤት ይሰበሰባል። ባዶ እጁን የሚመጣ የለም፤ አንዱ አጥንት፣ አንዱ የቆዳ ቁራጭ ያመጣል። ፍየሎቹ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ሕግ ሕግ ቢሆንም ጅብ ጅብ ነዋ!

አያ ጅቦ አጥንት ይወዳል፤ ይህ የታወቀ ነው። ከአጥንቱም በላይ ግን አንድ የሚወደው ነገር ነበር። «ወዴት ናችሁ?» ሲባል «አያ ጅቦ ቤት» የሚለውን መልስ መስማት። ምክንያቱም ዕድሜውን ሙሉ ከእሱ የሚሸሽ እንጂ ወደ እሱ የሚመጣ አይቶ አያውቅም ነበር።

ያን ቅዳሜ ታዲያ ምንጣፉ ባዶ ነው። ጆሮውን ቢያቆም ከጎረቤቱ ከእመት አህያ ቤት ጩኸት ሰማ።

«ኡኡ! ውሃው መጣብኝ!»

«ዞር በይ እንጂ! ወፉ ዓይንሽን ሊያወጣው ነው!»

አያ ጅቦ እየተንገዳገደ ሮጦ በአጥሩ ቀዳዳ፣ በተከፈተው በሯ በኩል ወደ ውስጥ አጮለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እመት አህያ ለአንድ የከተማ ነጋዴ ለብዙ ዓመታት ዕቃ ስታመላልስ ኖራ ነበር። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ አገር ሲቀይር «ለድካምሽ መታሰቢያ ይሁንሽ» ብሎ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ሰፊና ስስ የሆነ ቴሌቪዥን ሰጣት። ከቴሌቪዥኑም ጋር አምስት ጥቁር መነጽሮች ጨመረላት። ይህ ቴሌቪዥን እንደ ሌላው አይደለም፤ ምስሉ ከመስታወቱ ወጥቶ አፍንጫ ሥር የሚደርስ ይመስላል።

እንዴት? ቢሉ፣ ምሥጢሩ ቀላል ነው። ጣትዎን ከፊትዎ አቁመው መጀመሪያ በአንዱ ዓይን፣ ቀጥሎ በሌላው ብቻ ይመልከቱት። ጣቱ ቦታ የቀየረ አይመስልም? ሁለቱ ዓይኖቻችን አንዱን ነገር ከሁለት አቅጣጫ ስለሚያዩት ነው። አእምሮ ሁለቱን ሥዕል አጋጥሞ «ይህ ቅርብ ነው፤ ያ ሩቅ ነው» ይላል። የቴሌቪዥኑም ዘዴ ይኸው ነው። ሁለት ሥዕል ደራርቦ ያሳያል፤ መነጽሩ ደግሞ አንዱን ለቀኝ ዓይን፣ አንዱን ለግራ ዓይን ያካፍላል። መነጽር ያላደረገ ተመልካች ግን ሁለቱንም አንድ ላይ፣ ጎንና ጎን ተደራርበው ያያቸዋል።

አያ ጅቦ በቀዳዳው ያጮለቀው ያለ መነጽር ነበር። በዚያች ቅጽበት ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ የሰባ በሬ ሣር ይግጣል። ለእሱ የታየው ግን ሁለት በሬ፣ አራት ቀንድ፣ ሁለት ሻኛ ነው።

«አሃ!» አለ በልቡ። «የእኔ ቴሌቪዥን በሬ ቢያሳይ አንድ፣ ላም ቢያሳይ አንድ። ለእሷ ግን ጥንድ በሬ! ሣር ለምትበላ አህያ ጥንድ በሬ!»

አንጀቱ እርር አለ። ጥርሱን ሲያፋጭ እመት አህያ ሰማችና ዞር ብላ አፍንጫውን በቀዳዳው አየችው።

«አያ ጅቦ! ምነው ከውጭ ቆመው? ይግቡ እንጂ፤ መነጽርም አለ!»

«እኔ?» አለ አፍንጫውን ፈጥኖ እየሳበ። «እኔማ በዚህ ሳልፍ ነው። ቤቴን እንግዳ ሞልቶት የለ!»

ይህን ብሎ ወደ ባዶ ቤቱ ተመለሰ። ቴሌቪዥኑ ምንም ሳይሆን ጎኑን በጥፊ አጮለው።

በማግሥቱ ቀበሮ መንገድ ላይ አገኘችው። ቀበሮ ቅዳሜ ከእመት አህያ ቤት መጨረሻ የወጣች እንግዳ ናት።

«አያ ጅቦ፣ ምነው ከሳህ?»

«ከስቻለሁ እንዴ?»

«ግማሽ ጅብ አክለሃል! ምን ነካህ?»

«ምን የማይነካኝ አለ! ትናንት በዓይኔ በብሌኑ አየሁ፤ ያቺ አህያ ቤት ሁሉም ነገር ጥንድ ጥንድ ነው!»

ቀበሮ ነገሩ ወዲያው ገባት። ሳቋን በሳል ሸፈነችው።

«ጥንድ መሆኑ ምን ይደንቃል? እኔ ላይ እኮ ግልገል ከመስታወቱ ዘልሎ ጭኔ ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው። ሽታው ብቻ ነው የቀረው።»

«ግልገል!» አለ አያ ጅቦ፤ ምራቁ ተንጠባጠበ። «ጭንሽ ላይ! እኔ ለዚህ መንደር ስንት ዓመት ቴሌቪዥን ያሳየሁት ሰውዬ ባዶ ምንጣፍ ላይ ልቀመጥ፣ እሷ ደግሞ ግልገል ታዘልልብኝ? ምን ይሻላል፣ እመት ቀበሮ?»

«ቴሌቪዥኑን ተሸክመህ ብትወጣ መንደሩ ሁሉ ያይሃል። መነጽሮቹ ግን የአንድ ጉንጭ ናቸው። መነጽር ከሌለ ደግሞ ያ ቴሌቪዥን ዓይን ከማጭበርበር በቀር ምንም አያውቅም። ያኔ እንግዶቹ ዞረው ወደ ማን ቤት ይመጣሉ?»

አያ ጅቦ ብዙ አሰበ። ግንባሩ እስኪሸበሸብ አሰበ።

«ወደ እኔ!»

«አየህ? ብልጥ ናት ብለው በከንቱ ያሙኛል እንጂ ብልጡስ አንተ ነህ።»

ሰኞ ረፋዱ ላይ እመት አህያ ውሃ ልትቀዳ ወንዝ ወረደች። ቀበሮ በጠባቧ መስኮት ሾልካ ገባች፤ አያ ጅቦ ከውጭ ሆኖ ሁለት መዳፉን ዘረጋ። አንድ አቀበለችው፤ ሁለት፤ ሦስት፤ አራት።

«አምስት አልነበሩም?» አለ።

«አራት ናቸው። አንተ በቀዳዳ ስታይ ሁሉ ነገር በዝቶ አልታየህም?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለ ትንሽ አፍሮ። «አሁን የት ልደብቃቸው?»

«ጅብ ዕቃ የሚደብቅበት ጠፍቶት ያውቃል?»

አያ ጅቦ ወደ ሆዱ አየና ፈገግ አለ። አራቱንም መነጽር አንድ በአንድ ቆረጠመ። አንዱን እንኳ ልሞክረው ብሎ ወደ ዓይኑ አላስጠጋም።

«የዶሮ አጥንት ይመስላሉ» አለ ከንፈሩን እየላሰ። «ጨው ብቻ አነሳቸው።»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። አያ ጅቦ ከፍቶ ቢያይ እመት አህያ ቆማለች፤ ጀርባዋ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር ተጭኗል። በቀኟ የመንደሩ ሽማግሌ አባ ሙክት፣ ያ ጢማሙ ፍየል፣ በግራዋ እትዬ በግ ቆመዋል። ሽማግሌ ይዛ መጥታለች! አያ ጅቦ «አለቀልኝ፤ ልትከሰኝ ነው» ብሎ ጅራቱን በእግሮቹ መሀል ወተፈ።

«ልንለምንዎት ነው የመጣነው» አለች እመት አህያ።

«ል... ልትለምኑኝ?»

«ላልዋሽዎ፣ አያ ጅቦ፣ ከዚህ ቴሌቪዥን ጋር መኖር አቅቶኛል። መነጽሩን በቀኝ ዓይኔ ሳደርገው ግራው ይቀራል፤ በግራው ሳደርገው ቀኙ ይቀራል። ያተረፍኩት ራስ ምታት ነው። ከዚያ መስታወት ወጥቶ የመጣልኝ ነገር አንድ እንኳ የለም!»

«ታዲያ ኡኡ ስትሉ የነበረው ምን አይታችሁ ነው?»

አባ ሙክት ጢሙን እያሻሸ መሬት መሬት አየ። «እኔ እንኳ እትዬ በግ ኡኡ ስትል ነው ኡኡ ያልኩት። አልታየኝም ብል ደነዝ ይሉኛል ብዬ።»

«እኔ ደግሞ ቀበሮ ስትጮህ ሰምቼ ነው» አለች እትዬ በግ። «እሷ እያየች እኔ ሳይታየኝ ሲቀር በቅናት ተቃጥዬ ልሞት! ከእሷ ላለማነስ ጮህኩ።»

እውነታቸውን ነው። የአህያን፣ የፍየልንና የበግን ፊት ልብ ብለው ያዩ እንደሆነ ዓይኖቻቸው ያሉት በጎንና በጎን ነው። ይህ የተሰጣቸው በግራም በቀኝም የሚመጣ ጠላት ከዓይናቸው እንዳያመልጥ ነው። ሁለቱን ዓይን አንድ መነጽር ውስጥ ማስገባት ግን አይሆንላቸውም። አዳኝ አውሬ ነው ሁለቱንም ዓይን ወደ ፊት ተክሎ የሚያይ።

«ቅዳሜ ሁሉም ሲወጣ ቀበሮን ምሥጢሩን ጠየቅኳት» አለች እመት አህያ። «በዓይን አቀማመጥ ነው አለችኝ። በዚህ መንደር ዓይናቸው ፊት ለፊት ያለው እሷና እርስዎ ብቻ ናችሁ። እኔም ‹እንግዲያው ለአያ ጅቦ እሰጣለሁ› ብላት ‹ተይ፣ ሁለት ሦስት ቀን አስቢበት› አለችኝ። አሰብኩ። ቴሌቪዥን ያስለመዱን እርስዎ ነዎት፤ ይህን ይውሰዱና ያንን አሮጌውን ይስጡኝ። እሱ ለሁላችንም ይታየናል። አንድ ቅዳሜ እኔ ቤት፣ አንድ ቅዳሜ እርስዎ ቤት እንሰበሰባለን። እርስዎ ቤት ስንመጣ መነጽሩን አድርገው የሚያዩትን ይተርኩልናል፤ እኛ እንሰማለን።»

አያ ጅቦ ጆሮውን አላመነም። ምንጣፉ ሲሞላ ታየው። እሱ መሀል ተቀምጦ፣ መነጽሩን ሰክቶ፣ «አሁን ደግሞ ጎርፍ መጣ!» ሲል፣ መንደሩ ሁሉ አፉን ከፍቶ «ከዚያስ፣ አያ ጅቦ? ከዚያስ?» ሲለው ታየው። ደስታው ፈነቀለውና ያን የጅብ ሳቁን ለቀቀው። አፉ እስከ ጆሮው ተከፈተ።

እትዬ በግ ከሩቅ አንገቷን አሰገገች።

«አያ ጅቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥርስዎ መሀል የተሰነቀረው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

አያ ጅቦ አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ። ግን ሦስቱም አይተውታል።

«መነጽሮቼ!» አለች እመት አህያ ድምፅዋ ተሰብሮ። «ከትናንት ጀምሮ ፈልጌ ፈልጌ... ልጆች ለጨዋታ ወስደዋቸው ይሆናል፣ ሲደብራቸው ይመልሷቸዋል ብዬ እኮ ነው!»

«ቀበሮ ናት! ቀበሮ ናት ያቀበለችኝ!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ።

«ጥርሱ የማን ነው?» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ። ቀበሮ ብቅ አለች። ከወፍራም ጭራዋ ሥር አምስተኛውን መነጽር መዘዘች። «እኔስ ይህን መንገድ ላይ ወድቆ አግኝቼ ለባለቤቱ ልመልስ እየዞርኩ ነበር። ሌሎቹ የት እንደገቡ ግን እንጃ!»

አያ ጅቦ ዓይኑን ከመነጽሩ ላይ መንቀል አቃተው። መነጽሮቹ በእርግጥም አምስት እንደነበሩ የገባው ያኔ ነው።

አባ ሙክት ጉሮሮውን ጠረገ። በሽምግልና ስንት ጠብ የዳኘ ነው፤ ይህኛውን የዳኘው ግን ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቆ ነው።

«እንግዲህ ያለ መነጽር ይህ ቴሌቪዥን ለማንም አይበጅም። አንድ መነጽር የተረፈችው በቀበሮ እጅ ነው፤ ዓይኗም ይሆናል። እንዴት እንዳገኘችው ፈጣሪ ይወቅ፤ ለማንኛውም ቴሌቪዥኑን እሷ ትውሰደው። ለተበሉት ለአራቱ መነጽሮች ካሳ ደግሞ የአያ ጅቦ አሮጌ ቴሌቪዥን ለእመት አህያ ይሰጥ። ከእንግዲህም ቅዳሜ መሰብሰቢያችን እሷ ቤት ይሁን።»

ቀበሮ ሰፊውን ቴሌቪዥን ተሸክማ እያዘመመች ሄደች። እመት አህያም አሮጌውን ጀርባዋ ላይ አስጭና ልትወጣ ስትል አያ ጅቦ ባዶ ምንጣፉ ላይ ቆሞ በልመና ድምፅ ጠራት።

«የእኔ ድርሻስ፣ እመት አህያ? ለእኔ ምን ቀረልኝ?»

እመት አህያ ዞር ብላ አየችው።

«የእርስዎንማ ድርሻ፣ አያ ጅቦ፣ እኛ ከመምጣታችን በፊት በልተው ጨርሰውታል።»

ከዚህ የምንማረው ቀናተኛ የጎረቤቱን ደስታ ለማጥፋት ጥርሱን ሲያሾል፣ ወደ ራሱ በር በመምጣት ላይ ያለውን ሲሳይ ሳያውቀው አኝኮ እንደሚጨርስ ነው።