ለመጽሐፍ የተነፋው ጡሩምባ

ተረት ተረት ብዬ ብጀምር የላም በረት ትሉኛላችሁ። ተዉት፤ ላምም በረትም የለኝም። ያለኝ በግራ ክንዴ ላይ የተከመረ ሠላሳ መጽሐፍ ነው። ማንደፍሮ እባላለሁ፣ የአዲስ አበባ መጽሐፍ አዟሪ ነኝ። በሸዋ ሮቢት ያየሁትን ጉድ ግን እስከ ዛሬ አውርቼ አልጠግበውም።

ደራሲዋ ታንጉት ጫኔ ትባላለች። «ከሽንኩርት ማሳው ወዲህ» የሚል ሽፋኑ ስስ፣ ለኪስ የማይከብድ መጽሐፍ አሳተመች። ልታስተዋውቀው በሦስት ከተማ እየዞረች ለማንበብ እኔን ይዛ ወጣች። ደብረ ብርሃን ላይ አሥራ አንድ ሰው አዳመጠን። ደብረ ሲና ላይ አራት፤ ከአራቱም ሁለቱ ዝናብ ሸሽተው የገቡ ነበሩ። ሦስተኛዋ ሸዋ ሮቢት የተወለደችበት ከተማ ናት። እዚያ የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ አባቷ ቁጭ ብለው ገጽ አርባ ሰባትን እንዲሰሙላት።

ትንሽ አልኩ እንዴ? አቶ ጫኔ ልጃቸው መምህርነቷን ትታ ደራሲ ከሆነች ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገሯትም።

ማሳቸው ድረስ ሄድን። ሽንኩርታቸውን እየኮተኮቱ ነው።

«አባዬ፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት አዳራሽ ውስጥ አነባለሁ፤ ይምጡልኝ» አለች።

አቶ ጫኔ ቀና እንኳ አላሉም። መልሱን የሰጡት ለእኔ ነው። «አንተ ባለመጽሐፉ፣ ንገራት። ባዶ አዳራሽ ገብቼ መሳቂያ አልሆንም። ሰው ካልመጣ አልመጣም በላት።»

አጠገቤ ቆማለች እኮ! ደነገጥኩ። ቢሆንም ነገርኳት።

ሰው ካልመጣ አባት አይመጡም፤ አባት ካልመጡ ገጽ አርባ ሰባት አይነበብም። ስለዚህ ሰው ፍለጋ ወጣን። ጥግ ላይ ፓፓያ የሚሸጡትን ጎረቤታቸውን እትዬ ዘርፌን አገኘን። እሳቸው ከመጡ ሰፈሩ ይመጣል።

«አዳራሹ እኮ ባዶ ነው» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ቆመን ልንሰማሽ ነው? መቆሙስ ቤተ ክርስቲያን ይበቃናል። ወንበር ካልወጣ አንመጣም፣ የኔ ልጅ።»

ወንበር ካልወጣ ሰው አይመጣም፤ ሰው ካልመጣ አባት አይመጡም፤ አባት ካልመጡ ገጽ አርባ ሰባት አይነበብም። በዚያ ሰፈር ወንበር ያለው እድሩ ነው፤ የእድሩን እቃ ቤት የሚጠብቁት ደግሞ ጋሽ ምንዳዬ ናቸው። ቁልፉን በአንገታቸው አንጠልጥለውታል።

«ሁለት መቶ ወንበር አለኝ» አሉና በመስኮት አሳዩን። «ይኸው ቁልፉ። ግን የእድሩ ዳኛ ካልፈቀዱ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልከፍትም።»

ወንበሩ ይታያል፣ ቁልፉ ይታያል፣ በሩ አይከፈትም! እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ዳኛው ካልፈቀዱ ወንበር አይወጣም፤ ወንበር ካልወጣ ሰው አይመጣም፤ ሰው ካልመጣ አባት አይመጡም፤ አባት ካልመጡ ገጽ አርባ ሰባት አይነበብም። ዳኛው አቶ ደስይበለው ምሳቸውን በልተው ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ደረስንባቸው። የእድሩን ደንብ ከትራሳቸው ሥር አወጡ፤ ዳር ዳሩ ተበልቷል።

«እኔ መች ከለከልኩ? ደንቡ ነው» አሉ። «ጡሩምባ ካልተነፋ ወንበር አይወጣም። አባቴም ዳኛ ሳሉ እንዲሁ ነበር።»

«ጡሩምባው የሚነፋው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። የእኛ ሰፈር እድር በስልክ መልእክት ነው የሚጠራን።

«ሰው ለመጥራት ነዋ!» አሉኝ። እኔ ሞኙ በዚህ መልስ ረካሁ።

ጡሩምባ ካልተነፋ ዳኛው አይፈቅዱም፤ ዳኛው ካልፈቀዱ ወንበር አይወጣም፤ ወንበር ካልወጣ ሰው አይመጣም፤ ሰው ካልመጣ አባት አይመጡም፤ አባት ካልመጡ ገጽ አርባ ሰባት አይነበብም። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ነው፣ የሮቢት ፀሐይ አናት ይበሳል፣ ክንዴ ዝሏል። ጡሩምባ ነፊው አያ ጉግሳ ጡሩምባቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

«ለመጽሐፍ ተነፍቶ አያውቅም» አሉ። ከዚያ ታንጉትን ቀና ብለው አዩዋት። «ለመሆኑ እኔ መጽሐፉ ውስጥ አለሁ?»

«አሉ» አለች።

ክው አልኩ! ሠላሳ መጽሐፍ ተሸክሜ ሦስት ከተማ ስዞር ይህን አላውቅም ነበር። ታንጉት አንዱን ከክንዴ ላይ መዘዘችና አነበበችላቸው። «ጡሩምባው ተነፋ። አያ ጉግሳ የእናቴን ስም ሦስት ጊዜ ጠሩ። በሦስተኛው ድምፃቸው ተሰበረ።»

አያ ጉግሳ ጡሩምባቸውን በመዳፋቸው አበሱ። «ሰው የሰማብኝ አይመስለኝም ነበር» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ተነሡ። «እነፋለሁ። ግን ጻፉልኝ። እኔ የተጻፈልኝን እጠራለሁ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም።»

ታንጉት እንባዋ መጥቶ ነበር። «ማንደፍሮ፣ ለመጽሐፍ ንባብ ነው ብለህ ጻፍላቸው፤ አዳራሹ ጓዳ ገብቼ ፊቴን ልታጠብ» ብላኝ ሄደች። እኔም ጻፍኩ፦ ታንጉት ጫኔ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት። አዳራሽ። አጭርና ግልጽ፣ ማስታወቂያ ማለት ይህ ነው ብዬ በራሴ ኮራሁ። ንባብ የምትለውን ቃል ረሳኋት።

ጡሩምባው ተነፋ። «ታንጉት ጫኔ! ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት! አዳራሽ!»

ጡሩምባው ተነፋ፣ ዳኛው ፈቀዱ! ዳኛው ፈቀዱ፣ ወንበር ወጣ! ወንበር ወጣ፣ ሰው መጣ! ያውም እንዴት ያለ ሰው! ከሽንኩርት ማሳው፣ ከገበያው፣ ከመናኸሪያው ጎረፈ። ጋሽ ምንዳዬ ወንበሩ አልበቃ ብሏቸው ድንኳኑንም አስጭነው መጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መጽሐፌ ሊያልቅ ነው ብዬ እፍነከነካለሁ። ኋላ ሳስተውል ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እትዬ ዘርፌ ደረታቸውን ይደቃሉ።

«እኔ ነኝ! ወንበር ብዬ የከለከልኳት እኔ ነኝ! አሁን በዓይኔ አይቻት!»

«እትዬ፣ ማን ሞቶ ነው?» አልኩ።

«ታንጉት ናታ፣ አንተ ጨካኝ! ጥርስህን ታሳየናለህ?»

ለካ በዚህ ሰፈር ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው! የተሸከምኩት መጽሐፍ ሁሉ አንድ በአንድ መሬት ላይ ወደቀ። «ኧረ በሕይወት አለች!» ብል በለቅሶው መሃል የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ያኔ አቶ ጫኔ መጡ። አንድ እግራቸው ጫማ የለውም፣ መኮትኮቻውን ከእጃቸው አላስቀመጡትም። ሰዉን እየገፉ መሃል ገቡ። «ልጄ! ልጄ! አንድ ቃል እንኳ ሳልነግርሽ! በሰው ሳስነግርሽ!» እያሉ ጮኹ።

የጓዳው በር ተከፈተ። ታንጉት ፊቷን ታጥባ፣ መጽሐፏን ይዛ ወጣች።

አዳራሹ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ግማሹ አማተበ፣ አንዱ በመስኮት ወጣ፣ ዳኛው ወንበር ሥር ገቡ። ታንጉትም ያንን ሁሉ ነጠላ አይታ ግድግዳውን ያዘች። «ማን ሞተ?» አለች።

አቶ ጫኔ ብቻ አልሸሹም። ቀርበው ጉንጯን በአፈር እጃቸው ዳሰሱት።

«አለሽ?»

«አለሁ፣ አባዬ።»

«አለሽ ወይ?»

«አለሁ።»

ዳኛው ከወንበሩ ሥር አንገታቸውን አወጡ። «እንግዲያው ወንበሩ ይመለስ! ሞት ሳይኖር—»

«ማንም እንዳይነሣ!» አሉ አቶ ጫኔ። ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ወደ እኔ አልዞሩም፣ ንገራትም አላሉኝም። «አንብቢ» አሏት።

ታንጉት ገጽ አርባ ሰባትን ገለጠች። «እናቴ የተቀበረች ቀን አባዬ አላለቀሱም። ጎረቤት ወጥና እንጀራ አምጥቶልን ስለነበር እቤት የሚሠራ ነገር አልነበረም። ማምሻውን ግን ጓዳ ገብተው ሽንኩርት ሲከትፉ አየኋቸው። ከትፈው አያውቁም ነበር። አንድ ሳፋ ሙሉ ከተፉ። የዚያን ዕለት ማንም ወጥ አልሠራም።»

ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ዓይኑን አቶ ጫኔ ላይ ጣለ። አቶ ጫኔ በመዳፋቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ።

«ሽንኩርቱ ነው» አሉ።

አዳራሹ ውስጥ አንድም ሽንኩርት አልነበረም። አንድም ሰው አልሳቀም።

«ድገሚልኝ፣ ልጄ።»

እናም ጡሩምባው ስለተነፋ ዳኛው ፈቀዱ፤ ዳኛው ስለፈቀዱ ወንበር ወጣ፤ ወንበር ስለወጣ ሰው መጣ፤ ሰው ስለመጣ አባት መጡ፤ አባት ስለመጡ ገጽ አርባ ሰባት ተነበበ፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በፈለጋችሁት አብሱ፣ በሽንኩርት ብቻ አይሁን።