አምፕሊፋየርና እመት ፊውዝ በሙሽራ መኪና

ተረቴ ደርሷል፤ ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በደሴ ከተማ ጋሽ ሽብሩ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ነበረ። ከዚያች ሚኒባስ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም።

የእህቱ ልጅ ዘርፌ ልትዳር ሆነ። እስከ ሐይቅ የሚያደርሳት እሱ ነበር። ድምፅ የሌለው ሠርግ ለቅሶ ይመስላል አለና ትልቅ አምፕሊፋየር ገዝቶ ከኋላ ወንበር ሥር አሰረ። ሞተሩን ከመቀመጫው የሚለየውን የብረት ግድግዳ በስቶ ቀዩን ሽቦ ከባትሪው በቀዳዳው አሾለከ። ከባትሪው አጠገብ ደግሞ ትንሿን እመት ፊውዝን በሽቦው መሐል አስቀመጣት።

አምፕሊፋየር ጥፍር የምታክለውን እመት ፊውዝን አይቶ ሳቀ። አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ አላት።

«ክፉ ነገር ሲመጣ ቀድሜ እሞታለሁ» አለችው።

«ጥሩ ሥራ ነው፤ በርቺ» አላት።

ሚኒባሷ እየዘፈነች ከተማውን ዞረች። ቀዩ ሽቦ፣ የቀዳዳው ስለት ወገቤን እየላጠኝ ነው ይል ነበር። በዚያ ጩኸት ማን ይስማው? ሚኒባሷ ጉድጓድ ስትገባ እመት ፊውዝ ሞተች። ዘፈኑ ቆመ። አሁን እንኳ ሽቦው ይሰማ ይሆናል ስትሉ፣ አምፕሊፋየር ቀድሞ ማማረር ጀመረ። ጋሽ ሽብሩ እህቷን፣ ሌላ ፊውዝ፣ ተካ። ሌላ ጉድጓድ መጣ፤ እህቷም ሞተች። ሽቦው ተናገረ፤ አምፕሊፋየር አማረረ፤ ጋሽ ሽብሩ ሦስተኛዋን ተካ።

ሦስተኛዋ የሞተችው በሠርጉ ቀን፣ ሙሽራዋ ተሳፍራ ነው። ሚዜዎቹ አጉረመረሙ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ በሙሽራ ፊት ታዋርደኛለህ?» አለ አምፕሊፋየር። «ይህቺን በሽተኛ ተዋትና የማይሞት ነገር አድርግልኝ።»

ጋሽ ሽብሩም ሾፌር ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ከሲጋራ ፓኮ ብልጭልጩን ወረቀት አውጥቶ በሟቿ ላይ ጠቅልሎ ወደ ቦታዋ መለሳት።

«ሽብሩ ልጄ» አለ ሽማግሌው አያ ባትሪ፤ «እኔ መስጠት እንጂ ማቆም አላውቅም። የምታቆመኝ እሷ ነበረች።»

«አያ ባትሪ፣ ዛሬ ሠርግ ነው፤ ምክሩን ለነገ አቆይልኝ» አለው።

ዘፈኑ ቀለጠ። ብዙም ሳይርቁ ሚኒባሷ ጉድጓድ ገባች። የተላጠው ሽቦ ብረቱን ነካ። ብልጭልጩ ወረቀት መሞት አያውቅም፤ አያ ባትሪም ያለውን ሁሉ ሰጠ። ሽቦው ፍም መሰለ።

«ጋሼ፣ እግሬ ሥር ይጨሳል» አለች ዘርፌ።

ጋሽ ሽብሩ መኪናዋን አቁሞ ሰውን ሁሉ አስወረደ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ሽቦ ፈትቶ ነቀለ። ጭሱ በረደ። ምንጣፉ ተቃጥሏል፤ ሚኒባሷ ግን ተርፋለች። ቀዩን ሽቦ ከባትሪው ላይ አውጥቶ ጣለ፤ ኔጋቲቩን መልሶ አሰረና ሞተሩን አስነሣ።

ሙሽራዋ በዝምታ ልትሄድ ነው? የዘርፌ አክስት እያጨበጨቡ መዝፈን ጀመሩ። አንዷ ተቀበለች፤ ሚዜዎቹ ወንበር ደበደቡ። ሐይቅ እስኪደርሱ ጉሮሯቸው ተዘጋ። አምፕሊፋየር ከወንበር ሥር ሆኖ፣ ያለ እኔ ይዘፈናል እንዴ ብሎ ጠየቀ።

በማግስቱ ጋሽ ሽብሩ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፈታ። ቀዳዳውን ጎማ አለበሰ፤ አዲስ ሽቦ ዘረጋ፤ ከባትሪው አጠገብም እውነተኛ ፊውዝ አስቀመጠ። እሷም እስከ ዛሬ አልሞተችም ይላሉ።

ተረቴ እዚህ ይወርዳል። እናንተም ፊውዝ ስትሞትባችሁ ምን ገደላት ብላችሁ ጠይቁ እንጂ፣ የማይሞት አትፈልጉ።