ማሽላ ጠባቂዋ ሴት

«ማሽላ የዘራ አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ አባባ ይመር፣ ጥያቄዬን ተናግሬ ሳልጨርስ።

ጥያቄዬ እንዲህ ነበር። ሴት ልጄ ገና መዳህ መጀመሯ ነው። እናቷ ከወሊድ አልጋዋ ሳትነሳ አረፈች። እኔ ፋብሪካ ስውል ልጄን የምትጠብቃት ጦይባ የምትባል ሞግዚት ናት። ሰሞኑን እህቴ ልትጠይቀን መጥታ ሰነበተች። ጦይባን ልጅቷን ታቅፋ ተቀምጣ ስታያት አልወደደችም። «ልጅ መያዝ ብቻ ሥራ ነው እንዴ? ልብሱን ትጠብ፣ ወጡን ትሥራ፣ ቤቱን ትወልውል» አለች። ጦይባም ድምፅዋን ሳታነሳ «እኔ የመጣሁት ለልጅቷ ነው። ይህ ሁሉ ከተጨመረ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብላ መለሰች።

ልጄ ከጦይባ እቅፍ ሌላ እቅፍ አታውቅም። ጦይባ ከሄደች ምን እንደማደርግ አላውቅም። እህቴም ያለ ምክንያት አልተናገረችም፤ ቤቱ ተዝረክርኳል። ሞግዚት ከልጅ ጥበቃው ጋር የቤቱን ሥራ መሥራት አለባት ወይስ የለባትም? ይህን ልጠይቅ ነው ወደ አባባ ይመር የሄድኩት። የሚስቴ አጎት ናቸው። ቆቦ ሜዳ ላይ ሲያርሱ ኖረው አሁን ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ተቀምጠዋል።

«ገበሬው ሚስቱ ሞታበታለች» ብለው ቀጠሉ።

«የእሱም ሚስት?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ የማወራው ወይስ አንተ?»

እንዲህ ብለው አወሩኝ።

የገበሬው ሚስት ከመሞቷ በፊት በነበረው መኸር ከማሳው መካከል ምርጥ ምርጡን የማሽላ ራስ ለይታ፣ ነቀዝ እንዳይነካው ከምድጃው በላይ ጭስ በሚደርስበት ሰቅላ ነበር። በዚያ አገር ዘር የሚመርጡት ሴቶች ናቸው። ክረምቱ ሲገባ እሷ የለችም። ገበሬው የሰቀለችውን አውርዶ ዘራው፤ ለከርሞ ብሎ ያስቀረው ፍሬ አልነበረም። የዚያ ዓይነት ዘር በሌላ ሰው ጎተራ አይገኝም። ማሳው ከተበላ ያ ዘር አለቀ ማለት ነው።

ማሽላው በቀለ፣ ሰው የሚሰውር ሆነ። እሸት ሲይዝ የግሪሳ ወራት መጣ። ግሪሳ ትንሽ ወፍ ናት፤ ብቻዋን ግን አትመጣም። እንደ ደመና ሆና ትመጣለች፤ ያረፈችበትን ማሳ ጨርሳ ነው የምትነሳው። ስለዚህ ገበሬው እንዳገሩ ልማድ ከማሳው መካከል በእንጨት ከፍ ያለ ማማ ሠራ። ወፍ የምትጠብቅለት አንዲት ሴትም ቀጠረ። ክንደ ብርቱ ናት፤ በወንጭፍ የለቀቀችው የጭቃ ድቡልቡል ከፈለገችበት ቦታ አያልፍም። ጎህ ሲቀድ ማማው ላይ ትወጣለች፣ ወፍ ማደሪያው ሲገባ ትወርዳለች።

ገበሬው ወደ ሌላ ሥራው ሲሄድ በማሳው ዳር ባለው መንገድ ያልፋል። ባለፈ ቁጥር የሚያየው አንድ ነገር ነው። ሴትየዋ ማማው ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታንጎራጉራለች። ወፍ የለም። እሱ ፀሐይ ላይ ሲለፋ እሷ ስትዘፍን መዋሏ ሆዱን አቃጠለው። ወፍ የማይታየው እሷ ስላለች መሆኑን አላሰበም።

አንድ ቀን ጥጥና እንዝርት ይዞላት መጣ።

«ከተቀመጥሽ አይቀር ይህን ፍተዪልኝ» አላት።

«ጋሼ፣ እንዝርት እኮ ዓይን ይፈልጋል።»

«ዓይንሽ ሁለት አይደለም?»

«ሁለት ነው። ግን አንዱ ወደ እንዝርቱ፣ አንዱ ወደ ሰማይ አይሄድልኝም።»

«ዝፈኚ ሳልልሽ ትዘፍኚ የለም? ፍተዪ ስልሽ ደግሞ ፍተዪ» አለና ሄደ።

አባባ ይመር እዚህ ላይ ራሳቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው፤ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቅኩ።

ሴትየዋ ድሃ ናት፤ ፈተለች። ያ ሲሳካለት ገበሬው ውኃ ቅጂ አላት፤ ከማማው ወርዳ ቀዳች። ቀጥሎ ለበሬው ሣር እጨጂ አላት። ከዚያ እንጨት ልቀሚ አላት። ማታ ቤቱ ሲገባ ክሩ ተጠንጥኖ፣ እንስራው ሞልቶ፣ እንጨቱ ተከምሮ ይጠብቀዋል። ደስ አለው። ለጎረቤቱም «አንዲት ሴት ቀጥሬ ሦስት አገኘሁ» አለው። ጎረቤቱ «ሁለቱን ለእኔ ላክልኛ» ብሎ ሳቀበት።

ግሪሳ የበላችው ማሽላ አይወድቅም። ፍሬው ይሄዳል፤ አገዳው እንደቆመ ይቀራል። ከመንገድ ለሚያይ ሰው ሙሉ ይመስላል። ገበሬውም ከመንገድ ነበር የሚያየው።

አንድ ማለዳ ሴትየዋን ወፍጮ ቤት ሰደዳት። «ማማው ላይ ዛሬ እኔው እውላለሁ፤ ምን ይከብዳል?» አላት። ባዶ እጁን መውጣት ግን አሳፈረው። ለቀንበሩ ጠፍር የሚሆን ቆዳ፣ ቆዳውን ማለስለሻ ሞራና ቢላ ይዞ ወጣ። ተቀመጠ። ሰማዩን አየ፤ ምንም የለበትም። ቆዳውን መተልተል ጀመረ። ጠፍር ቀጥ ብሎ ካልተተለተለ ይበጠሳል፤ ስለዚህ አቀረቀረ።

የሆነ ድምፅ ሰማ። ነፋስ መሰለው። ይህቺን አንዲት ጠፍር ልጨርስ ብሎ ቀና ሳይል ቆየ። ጨርሶ ቀና ሲል ነፋስ አልነበረም። የማሳው ግማሽ በወፍ ክብደት ጎንበስ ብሏል።

ወንጭፉን ፈለገ፤ ቆዳው ሥር ተቀብሯል። አወጣው፤ ጣቱ ሞራ ስለነካው የወንጭፉ ገመድ አዳለጠው፣ ጭቃው እግሩ ሥር ወደቀ። ጮኸ። ወፉ ተነሥቶ ዞረና በማሳው ሌላ ጎን አረፈ። ወዲያው ግን ከዚያ ተነሣ። የሚበላ አላገኘም። ገበሬው ያኔ ነው ወደዚያ ጎን ያየው። ከመንገዱ የማይታየው ከማማው ይታያል። በዚያ ጎን የቆመው ሁሉ ባዶ አገዳ ነው። ይህ የዛሬ ጥፋት አይደለም። እሷ ውኃ ስትቀዳ፣ ሣር ስታጭድ፣ እንጨት ስትለቅም የተበላ ነው። እዘዝ ያለው የለም፤ ያዘዛት እሱ ነው።

ቆዳውን ከነቢላው ከማማው ወረወረው። እጁን በጋቢው ጠራርጎ ቆመ። ወንጭፉን ደግሞ አነሣ፣ ድምፁ እስኪዘጋም ጮኸ። ወፉ ግን ከአንዱ ጥግ ሲያባርሩት በሌላው ጥግ ይገባል፤ አንዴ ማሳ ከገባ አንድ ሰው አይበቃውም።

ሴትየዋ ዱቄቱን ተሸክማ ስትመለስ ጩኸቱን ከሩቅ ሰማች። ዱቄቱን መንገድ ዳር አውርዳ ሮጠች፤ ወንጭፏን ከወገቧ ፈታች። እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች ሆነው ግሪሳውን ከወንዙ ማዶ አሻገሩት።

ከዚያ ትንፋሽ አጥሯቸው ማማው ሥር ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ሰማዩን አዩ። ወፉ አልተመለሰም።

«ዱቄቱስ?» አለ ገበሬው በኋላ።

«መንገድ ላይ ነው። ሄጄ ላምጣ?»

«አንቺ ወደ ማማሽ ውጪ» አላት። ራሱ ሄዶ ተሸክሞ ገባ።

የተበላው ተበላ። የተረፈው ግን ከፈራው በላይ ነበር፤ ለዘር የሚሆነው የመካከሉ ማሽላ አልተነካም። ገበሬው ከዚያ ወዲህ ውኃውን ራሱ ቀዳ። እንስራ ሲያዝል ያዩት የመንደሩ ሴቶች ሳቁበት፤ ሳቃቸው ማሽላ አይበላም። እንዝርቱን መልሶ ቤት ሰቀለ። ሴትየዋም ማማዋ ላይ ወንጭፏን ጎነጎነች፣ ጭቃ አድቦልቡላ አደረቀች፣ የላላውን መሰላል አሰረች። ይህን ማንም አላዘዛትም፤ ከጥበቃው ጋር የሚሄድ ሥራ ስለሆነ ሠራችው። መኸር ሲደርስ ገበሬው ምርጥ ምርጡን ራስ ቆርጦ ከምድጃው በላይ ሰቀለ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደህና እንቅልፍ የተኛው ያን ቀን ነው።

አባባ ይመር ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁን ስማኝ፣ ልጄ። ገበሬው አንተ ነህ፤ ማሳው ልጅህ ናት። ጦይባን ማማ ላይ አውጥተሃታል። ልጅቷ ስላልወደቀች፣ እሳት ስላልነካች፣ ያነሳችው ነገር ጉሮሮዋ ላይ ስላልቀረ፣ ጠባቂዋ ሥራ የፈታች መሰላችሁ። የልጅቷን ጡጦ ትቀቅል፣ ገንፎዋን ታገንፋ፣ የሽንት ጨርቋን ትጠብ፣ የምትድህበትን ምንጣፍ ታራግፍ። ይህ ወንጭፍና ጭቃ ነው፤ ደግ ሞግዚት አትቀየምበትም። ያንተ አንሶላ፣ የእህትህ ወጥ፣ የእንግዳው ሳህን ግን ጥጥና እንዝርት ነው። እሱን ማማው ላይ አታውጣባት።»

«ልጅቷ ስትተኛስ?»

«እሷም ጎኗን ታሳርፍ። ልጅ ተኝታ ስትነቃ ጉልበቷ አዲስ ነው። የደከመ ሰው አይደርስባትም።»

«በፈቃዷ ብትሠራስ?»

«አመስግናት። በማግስቱ ግን እንደ ግዴታ አትጠብቅባት።»

«ቤቱስ ታዲያ? እህቴን ምን ልበላት?»

«ወንድምሽ ልብስ ማጠብ ሊማር ነው በላት።»

ሳቅኩ። ሳልፈልግ ነው ያመለጠኝ፤ ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ሰሞኑን ደረቴ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር አብሮ ወጣ። ጦይባ አትሄድም። ላቆያት እችላለሁ፤ የሚጠየቀው ነገር ይህን ያህል ብቻ ነው። እሳቸው ግን አልሳቁም። እስክጨርስ ጠብቀው ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጃችን፣ ሚስትህ፣ ዘሯን ትታልህ ሄዳለች» አሉ። «ለጦይባ የሰጠሃት የቀረህን በሙሉ ነው። ሌላ ሥራ አታስይዛት፤ እጇን ባዶ ተውላት።»