ውሃው መንገድ ላይ ሳለ

የሸማኔዎች ማኅበር ሰብሳቢ የሆነች የሺመቤት የምትባል ሴት ደክሟት ወደ መሪጌታ ዘውገ መጣች። «ዛሬ ያወጣሁትን ደንብ ነገ ሽሬ ሌላ አወጣለሁ። ባስተካከልሁት ቁጥር ይብስበታል። ጨርሼ ልተወው ወይስ ላጥብቀው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

መሪጌታም እንዲህ አሏት።

«አንድ ሰው ነበረ፤ የውሃ ዳኛ። ወንዙና ቦዩ በሚገናኙበት ቦታ ቆሞ ውሃ መልቀቂያውን ሳንቃ የሚያነሣውና የሚጥለው እሱ ነው። ቦዩ ረጅም ነው፤ ጠዋት የተለቀቀ ውሃ መጨረሻው ማሳ የሚደርሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሰውየው ሰነፍም ክፉም አልነበረም። ሰው ሲጮኽ ሰምቶ መቀመጥ ግን አይሆንለትም።

ከታች ያለ አንድ ገበሬ ‹ሽንኩርቴ ደረቀ› ብሎ መጣ። ሳንቃውን ከፍ አደረገለት። ውሃው ገና ሳይደርስ ሌላው መጥቶ ‹አሁንም ደረቅ ነው› አለ። ይበልጥ ከፍ አደረገው። ማታ ውሃው ሁሉ ባንድ ላይ ደረሰና ማሳውን ጠርጎ ወሰደው። ‹ዝጋ፣ ዝጋ› እያሉ ሮጠው መጡ፤ ጨርሶ ዘጋው። መዝጋቱ ደግሞ ድርቅ ሆኖ ታች ደረሰ። እንደገና ከፈተ፤ ካለፈው አስበልጦ። እንቅልፍ አጣ። ገበሬዎቹም ውሃዬን ሰረቅኸኝ ተባብለው ተጣሉና አንዱ የሌላውን ራስ በዶማ ፈነከተው።

የዚያን ዕለት ሚስቱ ‹አንተ ሰው፣ የለቀቅኸው ውሃ ምን እንዳደረገ አንድ ቀን ሄደህ አይተህ ታውቃለህ?› አለችው።

በማግሥቱ ሳንቃውን በትንሹ ከፍቶ ከውሃው ጋር ቁልቁል ወረደ። መንገድ ላይ ‹ጨምር እንጂ› ብለው ጮኹበት። ‹ከነገ በፊት አልነካውም› ብሎ አለፈ። ውሃው በየስንጥቁ ሲገባ፣ በየመታጠፊያው ሲዘገይ፣ እሱም አብሮ ይቆማል። ታች ሲደርስ መሸ። ድንበሩ ላይ ቁጭ አለና፣ እስከ ዛሬ ሲታገለው የኖረው ድርቅና ጎርፍ ቀድሞ በገዛ እጁ የላከው መሆኑን ተረዳ።

ከዚያ ወዲህ ሳንቃውን ጥቂት ያነሣል፤ የላከው ውሃ ታች ሲደርስ ሳያይ ሁለተኛ አይነካውም። ውሃው ባንድ ጊዜ አልረጋም። አንዴ ሲበዛ አንዴ ሲያንስ ቆይቶ እያደር ተስተካከለ። የዚያ ዓመት ሽንኩርት ግን ጠፍቷል። የተፈነከተውም ሰው እስኪሞት ድረስ የውሃ ዳኛውን ሰላም አላለውም።»

መሪጌታ ወደ ሴትየዋ ዞሩ። «አንቺም እንደዚያ ሰው ነሽ፣ ልጄ። ዛሬ ያበሳጨሽ ነገር ባለፈው ወር ያወጣሽው ደንብ ገና አሁን መድረሱ ነው። አንቺ ደግሞ ሳይደርስ ሌላ ትልኪበታለሽ። አትተዪው፤ አታጥብቂው። ትንሽ ብቻ ነካ አድርጊና ጠብቂ።»

«እየጠበቅሁ ሳለ የሚጠፋውስ?» አለች።

«ይጠፋል። ሁሉን አታድኚም» አሉ። «መጠበቅ ደግሞ ከመሥራት ይልቅ ያደክማል። የመጣሽው ዕረፍት ፈልገሽ ከሆነ፣ እኔም ጋ የለም።»