የኔታ ጉሬዛና የደንገሉ ታንኳ

ተረት ልጀምር ነው! የምታወሩ ዝም በሉ፣ የምታንጎላጁ ቀና በሉ። «እሺ፣ ጀምር» በሉኝ እንጂ! ተቀባይ የሌለው ተረት ተራቹን ብቻ ያደክማል። አዎ፣ እንዲያ ነው።

ዱሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው ሲያወሩ፣ ገደልም አፍ አውጥቶ ሲመልስ፣ በአንድ ሰፊ ሐይቅ መሀል አንዲት ደሴት ነበረች። በደሴቷ ላይ የኔታ ጉሬዛ የሚባሉ አስተማሪ ይኖሩ ነበር። ነጭ ካባቸውን ከትከሻቸው ለቀቅ አድርገው ሾላው ጫፍ ላይ ጉብ ሲሉ፣ የማያውቃቸው እንኳ «እኚህስ ሊቅ ናቸው» ይላል። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። እንዲያውም ትንሽ አብዝተው ያውቃሉ።

አንድ ዓመት ታዲያ በላይኛው አገር ዝናቡ ያለ ወትሮው በረታ። ወንዞች ሁሉ ወደ ሐይቁ ወረዱ። ሐይቁ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ሣር በላ፣ ቀጥሎ የጥንቸልን ጉድጓድ በላ፣ ቀጥሎ ወደ ኮረብታው መውጣት ጀመረ። ይኼኔ አያ አንበሶ አገሩን ሁሉ ሰበሰበ።

«ጎበዝ፣ ይህች ደሴት ልትሰምጥ ነው» አለ። «ማዶ ካልተሻገርን ልጆቻችንን ውሃ ይበላብናል። ታንኳ መሥራት የሚያውቅ ማነው?»

እያንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ጠቆመ።

«እኔ አውቃለሁ!» አሉ የኔታ ከሾላው ላይ። «ማዶ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ሲሠሩ ስንት ዘመን እዚህ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ደንገሉን ያጭዳሉ፣ ያሰጡታል፣ በልጥ ጠፍረው ያስሩታል። አለቀ! ይኼ ምን ያቅታል?»

ደንገል የማታውቁ ካላችሁ፣ ውሃ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው፤ ሲደርቅ ይቀልና ይንሳፈፋል። በሐይቁ ዳር ሞልቶ ተርፎ ነበር።

«እንግዲያው አስተምረን» አለ አያ አንበሶ። «የሁላችንም ነፍስ ባንተ ላይ ነው።»

የኔታ ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ከሾላው ሥር አያልፍም። ስለዚህ ወደ ገደሉ ሄደው ማሚቶን ጠሩ። ማሚቶ የገደሉ ድምፅ ናት፤ የሰማችውን ተቀብላ ላገሩ ሁሉ ትበትናለች።

«ማሚቶ፣ የምናገረውን ለደሴቷ ሁሉ ታደርሽልኛለሽ?»

«ኧረ በደስታ፣ የኔታ! አንዲት ቃል አላጎድል፣ አንዲት ቃል አልጨምር።»

«እሰይ! የምፈልገውም ይኼንኑ ነው።»

በማግስቱ ትምህርት ተጀመረ።

«ደንገሉን እጨዱ!» አሉ የኔታ።

«እጨዱ! እጨዱ!» አለች ማሚቶ።

«ፀሐይ ላይ አስጡ!»

«አስጡ! አስጡ!»

«በልጥ ጠፍራችሁ እሰሩ!»

«እሰሩ! እሰሩ!»

እንስሳቱም ተቀብለው አዜሙት። ደሴቷ ተናጋች፤ ደስ ሲል! የኔታ ልባቸው ሞልቶ «ገብቷችኋል?» ቢሉ፣ «ገብቶናል!» አሉ። ማሚቶም «ገብቶናል! ገብቶናል!» አለች። እሜቴ ጃርት ብቻ «የኔታ፣ ደረቀ የሚባለው ምን ያህል ሲሆን ነው?» ብላ ጠይቃ ነበር። በዚያ ሁሉ «ገብቶናል» መሀል ግን ማን ይስማት!

መጀመሪያ የጨረሰው አያ ጅቦ ነው። «እጨዱ፣ አስጡ፣ እሰሩ» እያለ ታንኳውን ገፍቶ ገባበት። ታንኳው ጥቂት ተንሳፈፈ፣ ጥቂት አመነታ፣ ከዚያ ቁልቁል ወረደ። የአያ ጅቦ ጆሮዎች ብቻ ከውሃው በላይ ቀሩ። እየተንቦጫረቀ ሲወጣም ያንኑ ያዜም ነበር፣ አይገርማችሁም?

«አልሰማችሁኝም ማለት ነው!» አሉ የኔታ ተቆጥተው። «ማሚቶ፣ ጮክ በይ!»

ማሚቶ ጮኸች። ቀጥሎ አባ ከርከሮ ታንኳውን ይዞ መጣ። እሱ ደግሞ ከጅቦ ልማር ብሎ ደንገሉን እስኪያር አድርቆታል። ገና አንድ እግሩን ሲያሳርፍበት ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ! ታንኳው ስብርብር አለ።

«በቃላችሁ አልያዛችሁትም!» አሉ የኔታ፣ ቀኑን ሙሉም ሲያስደግሟቸው ዋሉ። እነሱ ሲደግሙ ሐይቁ ወጣ፤ እነሱ ሲያዜሙ ሐይቁ ወጣ።

በሦስተኛው ዙር የኔታ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ዞር በሉ! እኔው ራሴ ሠርቼ አሳያችኋለሁ።»

ልጡን ያዙት፤ ሾለከ። እንደገና ያዙት፤ አሁንም ሾለከ። ለመሆኑ ጉሬዛ አውራ ጣት እንደሌለው ታውቃላችሁ? የለውም! አራት ጣት ብቻ ነው ያለው። የኔታም ያን ያህል ስለ ቋጠሮ ሲያስተምሩ ልጥ ይዘው ስለማያውቁ፣ ምን እንደጎደላቸው ልብ አላሉትም ነበር። እንደምንም አስረው ገቡበት። ልጡ ተፈታ፣ ደንገሉ ወዲያና ወዲህ ተበተነ፣ የኔታም ከነካባቸው ጥልቅ አሉ።

እሜቴ ጃርትና አያ ጅቦ ጎትተው አወጧቸው። እመት ጦጢት ልትስቅ አፏን ከፍታ ነበር፤ ውሃው ልጆቹ ከሚያድሩበት መድረሱን ስታይ መልሳ ዘጋችው።

«የኔታ፣ እርስዎም አያውቁትም ማለት ነው?» አለች እሜቴ ጃርት ቀስ ብላ።

የኔታ እንባቸው መጣ። «አላውቀውም፣ ልጄ። አየሁት እንጂ አላወቅሁትም። አሁን ሁላችሁንም ይዤ ልጠፋ ነው፤ በጣም ፈርቻለሁ።»

«እንግዲያስ አብረን እንፈልገዋ!»

የኔታ ካባቸውን ጨመቁና ከመሀላቸው ቁጭ አሉ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን የማያውቁትን ጥያቄ ጠየቁ።

«አያ ጅቦ፣ ያንተ ለምን የሰመጠ ይመስልሃል?»

አያ ጅቦ አፈረ። «ቸኩዬ ነዋ! ደንገሉ እርጥብ ነበር።»

«ያንተስ፣ አባ ከርከሮ?»

«የኔ ደግሞ ከልክ በላይ ደረቀ።»

«ታዲያ ልኩ የቱ ጋ ነው?»

እሜቴ ጃርት ከጀርባዋ እሾህ ነቅላ አንዱን ደንገል ወጋች፤ ውሃ ወጣው። ሌላውን ወጋች፤ ተሰነጠቀ። ሦስተኛውን ወጋች፤ እሾሁ ሰተት ብሎ ገባ፣ ውሃም አልወጣ፣ ደንገሉም አልተሰነጠቀ። «ይኸው!» ብላ ዘለለች። አያ ጅቦም በገዛ እጁ ካልሞከረ አላምንም ብሎ እሾህ ለመናት።

ማሰሩ ቀረ። እመት ጦጢት ጣት አላት፣ ጉልበት የላትም። አያ ጅቦ መንጋጋ አለው፣ ጣት የለውም። አባ ከርከሮ ክብደት አለው፣ ትዕግሥት የሚሉት ነገር አልፈጠረበትም። ተጨቃጨቁ።

«ወደዚህ ሳብ!»

«ኧረ ወደዚያ ነው!»

«ወይ ጉድ! አንተ ደግሞ ታንኳ የሠራኸው መቼ ነው?»

የኔታ ሊያስቆሟቸው አሰቡና ተዉት። እየተጨቃጨቁ ጦጢት ልጡን አዞረች፣ ከርከሮ ደንገሉ ላይ ቆመበት፣ ጅቦ በጥርሱ ነክሶ ሳበ። ቋጠሮው ጥብቅ አለ።

«አባ ከርከሮ ባይቆምበትስ ምን ይሆን ነበር?» አሉ የኔታ።

ከርከሮ እግሩን አነሣና እንደገና አሰሩ፤ ላላ። እግሩን መለሰና አሰሩ፤ ጠበቀ። «አሃ!» አሉ ሦስቱም ባንድ ላይ። ይኼ «አሃ» ከቀድሞው «ገብቶናል» ይለያል፤ አስተምሮ የሚያውቅ ሁሉ ድምፁን ይለየዋል።

ማሚቶ ግን ከገደሉ ሆና አኩርፋለች። «የኔታ፣ እኔ ሥራ ፈት ልሁን? እንዲያው ዝም ብዬ ልቀመጥ?»

«አንቺማ እንዴት ትቀመጫለሽ! የኔን ድምፅ ተዪው። እዚህ ያገኘነውን ከደሴቷ ጀርባ ላሉት ውሰጂ፤ የእነሱን ደግሞ ወደዚህ አምጪ።»

ማሚቶ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ፣ ማለቴ ገደሉ በራ። «ደንገሉን በእሾህ ውጉት!» የሚለውን ይዛ ሄደች። «እኛ እሾህ የለንም፣ በምን እንውጋው?» የሚለውን የጥንቸልን ጥያቄ ይዛ ተመለሰች። «ጥርስ አላችሁ አይደል? ቀስ ብላችሁ ንከሱት!» አለች እሜቴ ጃርት። እሱንም ወሰደች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ የሽኮኮን ቃል ይዛ መጣች፦ «የታንኳውን አፍንጫ ሽቅብ ብናጎብጠው ማዕበሉ አይገባም!»

«ይኼን ያሰበው ሽኮኮ ነው?» አለ አያ ጅቦ ተገርሞ። «ተባረክ! እኔ እኮ ፈሪ ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ በየዳሩ ታንኳ ተሠራ። አንዱ ወፍራም ነው፣ አንዱ ጠማማ ነው፣ የከርከሮው እንዲያውም ራሱን ከርከሮን ይመስላል። የሰመጠ ግን አልነበረም። ልጆቹን ከመሀል፣ ሽማግሌዎቹን ከዳር አድርገው ቀዘፉ። ውሃው ሾላውን ሲውጠው በደሴቷ ላይ አንድ ነፍስ አልቀረም። ማሚቶን ትተዋት ሄዱ እንዳትሉ! ማዶም ገደል አለ፤ ቀድማቸው ደርሳ «እንኳን ደህና መጣችሁ» እያለች ትጠብቃቸው ነበር።

የብስ ሲረግጡ አያ አንበሶ በደስታ አገሳ። «ታንኳ ያስተማራችሁን ልሸልም! ማነው ያስተማራችሁ?»

«አባ ከርከሮ ነው» አለ አያ ጅቦ።

«ኧረ እሜቴ ጃርት ናት» አለ ከርከሮ።

«እኔ ማሰሩን ያየሁት ከእመት ጦጢት ነው» አለች ጃርት።

«ሽኮኮ ባይኖር እኮ ማዕበሉ ይጨርሰን ነበር» አለች ጦጢት።

ክርክሩ ደራ። የየኔታን ስም ያነሣ ግን አንድም አልነበረም። አያ አንበሶ ወደ እሳቸው ዞረ።

«የኔታ፣ ማንም አልጠራህም። አልከፋህም?»

የኔታ ከት ብለው ሳቁ። «ምን ይከፋኛል፣ አያ አንበሶ! ሁሉም የእኔን ስም ሲጠሩ ሊሰምጡ ነበር። አሁን እርስ በርስ ሲጠራሩ ይስሟቸው፤ ይኸው ሁሉም ደረቅ መሬት ላይ ናቸው። መምህር የሆንኩት ዛሬ ነው።»

ተረቴ ዳር ደረሰች፤ ለጎረቤት ስታወሯት ብትጣመም አቃኗት፣ ብትሳሳ አወፍሯት። ቁም ነገሩ ግን ይኼ ነው፦ በጆሮ ብቻ የገባ በጆሮ ይወጣል፤ አብረው ያሰሩት ሐይቅ ያሻግራል።